የእትዬ አልጋና የሙሽሪት ጠረጴዛ

አስተርጓሚዋ በባሏ የማስተማሪያ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ መሥራት የጀመረችው ለጥቂት ቀን ብላ ነበር። የመሥሪያ ቤቷ ፎቅ ተዘግቶ «ከእንግዲህ ሁላችሁም ከየቤታችሁ ትሠራላችሁ» ሲባል፣ ነገሩ እስኪደላደል ብላ ነው የገባችበት። «ለጊዜው» የተባለ ነገር ግን መቼም ዕድሜው ረጅም ነው። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲተካ እሷ አሁንም ጋቢና ውስጥ ነበረች፤ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ከእግሯ ሥር የአስተማሪው ፍሬን፣ ከራሷ በላይ «ለማጅ» የሚል ምልክት።

ሥራዋ በስልክ ማስተርጎም ነው። በአንደኛው ጫፍ ሐኪም አለ፤ በሌላኛው ጫፍ የሐኪሙን ቋንቋ የማይሰማ ሕመምተኛ፤ መሃል እሷ። ሰው ለትዳር ጓደኛው የማያወራውን ጉዱን ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ሌላ ጆሮ አጠገቧ እንዳይኖር ነው። ቤታቸው ደግሞ ጆሮ የበዛበት ቤት ነው። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ በር አይለያቸውም። መኝታ ቤታቸውን ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሣ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ባልና ሚስቱ ከአልጋቸው ሳይነሡ «ይማርህ» ይላሉ፤ ጎረቤትም ከወዲያ ማዶ «ያኑራችሁ» ብሎ ይመልሳል።

መኪናው ጸጥ ያለ ነበር። ችግሩ ባሏ የማሽከርከር አስተማሪ መሆኑ ነው። ለተማሪዎቹ ሁሉ «ረጋ በል፣ ረጋ በይ» ስለሚል «ረጋ በል» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። እውነትም የረጋ ሰው ነው፤ ግንብ ሊገጭ የተቃረበ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ እንኳ ድምፁ ከፍ አይልም። ተማሪዎቹ በዚህ ይወዱታል። ሚስቱን አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነው። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ መጀመሪያ «ረጋ በይ» ብሎ ነው ውሃ የሚፈልገው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌና ለአንድ የኩላሊት ሐኪም ስታስተረጉም፣ ተራዋ የደረሰ የመሰላት ተማሪ የሾፌሩን በር ከፍታ ዘው አለች። ቀበቶዋን አሰረች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ሞተሩን አስነሥታ ማርሽ አስገባችና፣ አስተማሪዋ እንዳስተማራት ጮክ ብላ፣ «ፍሪሲዮኑን ልልቀቀው?» አለች።

በአስተርጓሚ ደንብ መስመሩ ላይ የተሰማ ነገር ሁሉ ይተረጎማል። አስተርጓሚዋም አፏ ከሐሳቧ ቀደመና፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቅ እንደሆነ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ሐኪሙ ካሉ ይልቀቁት፤ እኔ እንደሁ ሰልችቶኛል» አሉ።

«ምኑ ነው የሚለቀቀው?» አለ ሐኪሙ።

መኪናው ወደ ፊት ዘለለ። አስተርጓሚዋ የአስተማሪውን ፍሬን በሁለት እግሯ ረገጠችው።

በማግሥቱ አለቃዋ ደወለችላት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «እህቴ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ» አለቻት። «ግን በሩ የሚዘጋ ክፍል ካላዘጋጀሽ ከተረኞች ዝርዝር ላወጣሽ ነው። ክፍል ካለሽ ኮምፒውተሩን እንልክልሻለን፤ ከዚያ ወዲያ በሞባይል መሥራት የለም።»

ክፍል ነበራት። የሚያንገበግበውም እሱ ነው። በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ጠባብ መኝታ ቤት አለች፤ መስኮቷ በቤቱ ጎን ወዳለው መተላለፊያ የሚያይ፣ ዓመት ሙሉ ሰው የማይገባባት። ዕቃ ግን ይገባባታል። ማንም የማይነዳው፣ ልብስ ማስጫ ሆኖ የቀረ የስፖርት ብስክሌት አለ። ባሏ ተማሪዎቹን ወደ ኋላ ማቆም የሚያስተምርባቸው ተደራራቢ ኮኖች አሉ። እጀታው የተሰበረ ሻንጣ አለ፤ ሲከፈት ውስጡ ዚፑ የተበላሸ ሌላ ሻንጣ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አልጋው አለ።

አልጋው የእትዬ ነው። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። እናትና አባታቸው ቀድመው ሲሞቱ ወንድማቸውን አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ መጥተው ሳምንት ያህል ይቀመጣሉ። ወንድማቸው ያገባ ሰሞን አስተርጓሚዋን «ሙሽሪት» ብለው ጠሯት፤ ይኸው ሽበቷ ብቅ ብቅ ካለም በኋላ «ሙሽሪት» ናት።

«አልጋውን እናውጣው» አለችው ባሏን።

«እትዬ ስትመጣስ?»

«የሳሎኑ ሶፋ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል።»

«ያሳደገችኝን ሴት ሶፋ ላይ!»

«አንተ ራስህ በየእሑዱ እዚያው አይደል የምታንኮራፋው?»

«እኔማ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ደውለህ ንገራቸው። ‹ሥራዋ ነው፣ ክፍሉ አስፈለጋት› በላቸው። ሰው ናቸው፤ ይገባቸዋል።»

«እነግራታለሁ። ረጋ በይ።»

አልነገራቸውም። ስልኩን ያነሣል፣ ስለ ጤና፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ አየሩ ይጠይቃል፤ ወሬው ወደ ክፍሉ ሲጠጋ «በይ ደህና ሁኚ እትዬ» ብሎ ይዘጋል። በሌላ ነገር ሁሉ ወንድ የሆነ ሰውዬ፣ በእህቱ በኩል ይሉኝታ እንደ ነቀዝ ቦርቡሮ ጨርሶታል። ሚስቱ ስትጠይቀው «ምቹ ጊዜ እየጠበቅሁ ነው» ይላታል። እሷም ወደ መኪናው ትመለሳለች፤ ተማሪዎቹም እግረኛ መንገዱ ዳር ቆመው በመስኮት ያዩዋታል።

አንድ ቀን ታዲያ ፊቱ በርቶ መጣ። «ተገኘ!» አለ። «አልጋው ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ይሆናል። ቀን ቀን ቢሮ፣ እትዬ ስትመጣ መኝታ። አንድ አናጢ አለ፤ ጠረጴዛውንም መደርደሪያውንም ከግድግዳው ጋር አያይዞ ይሠራልሻል።»

«ማነው አናጢው?»

«ተማሪዬ የነበረ ነው።»

«ያ ፈተናውን እየደጋገመ የሚወድቀው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«በምን ነበር የሚወድቀው?»

ባሏ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ርቀት መገመት ትንሽ ይከብደዋል።»

«ርቀት መገመት የሚከብደው አናጢ!»

«በሜትር ነው እኮ የሚለካው፣ በዓይኑ አይደለም። ደግሞ ልቡ ወርቅ ነው።»

«ግድግዳው ላይ የምንገጥመው ልቡን አይደለም» አለች። ግን የቸገረው ምን ይመርጣል? እሺ አለች።

አናጢው ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ጥርሱ የማይከደን፣ ደስ የሚል ሰው ነው። ለሁሉም ነገር መልሱ አንድ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ይደርሳል» ነው የሚለው። ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ጠረጴዛው በመስኮቱ ሥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሆናል፤ ከላዩ መደርደሪያ እስከ ኮርኒሱ፤ አልጋው በጎኑ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ ይሰካል።

«በዚህ ወር ያልቃል?» አለችው።

«ይደርሳል እህቴ።»

«ቢዘገይ ሥራዬን ላጣ ነው።»

«ኧረ ይደርሳል!»

ጣውላው መጣና ሳሎን ተቆለለ። አናጢው ግን አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ከጣውላው ኋላ ተደበቀ፤ ወጥ ቤት ለመግባት በጎን መሽሎክ ግድ ሆነ። ስትደውልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላታል። አስተርጓሚ ናት፤ ጆሮዋ በስልክ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ድምፅና ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ እንደማይመሳሰል ማን ለእሷ ይነግራታል? «ወንድሜ፣ ተኝተህ ነው የምታወራኝ» ስትለው፣ ደንግጦ ቁጭ ሲል አልጋው ሲንቋቋ ትሰማለች።

ሲመጣም መምጣቱ ጉድ ነው። መጋዙን ኮሪደር ላይ ዘርግቶ ቤቱን በብናኝ ያጥነዋል። ብናኙ አልጋቸው ውስጥ ገባ፣ ስኳሩ ውስጥ ገባ፣ የባሏ ቅንድብ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ካቻቢቴው ጠፋኝ ብሎ ቤቱን አተራመሰው፤ አመሻሽ ላይ ከሄደ በኋላ መሳቢያው ውስጥ ተገኘ። ሌላ ቀን ብሎን ልግዛ ብሎ ወጣና ሦስት ቀን ሳይመለስ ቀረ። ባሏን «አንድ ነገር በለው እንጂ!» ስትለው፣ ባሏ ስልኩን አንሥቶ አናጢውን «እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ይለዋል። ከዚያ ዘግቶ «ይደርሳል አለኝ» ይላታል። እሷም የሚሰነጠቅ ጣውላ እስክትመስል ጥርሷን ታፋጫለች።

የማያልቅ ነገር የለምና አለቀ። እውነቱን ለመናገርም አማረ። ጠረጴዛው እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ከግድግዳ ግድግዳ ተንጣሏል። መሳቢያው በጣት ሲነካ ያለ ድምፅ ይገባል። አልጋው ወደ ላይ ሲታጠፍ ቁም ሳጥን እንጂ አልጋ አይመስልም። ከመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተሩ መጣ፤ ገመዶቹ አናጢው በቀደደላቸው ቀዳዳ ገብተው ከጠረጴዛው ሥር ታሰሩ። አስተርጓሚዋ በሩን ዘግታ ቁጭ አለች። ጸጥ። የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ያን ሰሞን ከመኪና ወደ ክፍል የገባች ሳይሆን ከእስር የወጣች ነበር የምትመስለው።

ደስታዋ የቆየው አልጋውን አውርዳ ፍራሹን ልታናፍስ እስካሰበችበት ቀን ድረስ ነው። አልጋው ሲወርድ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ያለውን ወለል በሙሉ ሞላው። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። እጀታውን ብትስበው የአልጋው እግርጌ ያዘውና ከክንድ በላይ አላሳልፍ አለ። ቆማ በሩን አየች፤ አልጋውን አየች። ከዚያ ደወለች።

«አልጋው ሲወርድ በሩ አይከፈትም!»

«እንዴታ፣ ስትተኚ በር ምን ያደርግልሻል?» አላት አናጢው በየዋህነት።

«ሰው ተኝቶ አይቀርም! ይነሣል እኮ!»

«ሲነሣማ አልጋውን ያጥፈዋል፣ በሩ ይከፈታል። እንዲያውም አልጋ ሳያነጥፉ መውጣት ቀረ ማለት ነው።»

«ወንድሜ፣ እየቀለድክ ነው?»

«ግድ የለም፣ መጥቼ በሩን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። ይደርሳል።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

በዚሁ መሃል እትዬ መጡ። ሳይነገር ነው፤ ማለትም ባሏ ያውቃል፣ ለሚስቱ መንገር «ምቹ ጊዜ» ነው ያጣው። አስተርጓሚዋ ከሥራ ቀና ስትል ሳሎን ውስጥ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ሶፋው ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ አገኘቻቸው። «ሙሽሪት፣ ከስተሻል» አሏት፤ እትዬ ለሰው የሚሰጡት ሰላምታ ይኸው ነው። ባሏን ወደ ወጥ ቤት ጎትታ በሹክሹክታ ያዘችው።

«ነገ ጠዋት የተቀጠረ ጥሪ አለብኝ! ቀዶ ጥገና ነው፤ የአንዲት ሕፃን። ያንን ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው የለም።»

«ነገ ጠዋት እትዬ በጊዜ ትነሣለች። አልጋዋን ታጥፋለች፤ አንቺ ትገቢያለሽ። ረጋ በይ።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጥሪው ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ አስተርጓሚዋ በሩን አንኳኳች።

«እትዬ፣ ተነሡ?»

«እኔስ ተነሥቻለሁ ሙሽሪት። ያልተነሣው አልጋው ነው።»

ብርድ ልብሱ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሯል። እትዬ አልጋውን ከፍ ሲያደርጉት እስከ ወገባቸው ይነሣና እዚያው ይቆማል፤ ሲለቁት ዷ ብሎ ይወርዳል። አስተርጓሚዋ በበሩ ክፍተት እጇን አስገብታ ብትንጠራራ ከፍራሹ ጫፍ ሌላ የሚደርሳት ነገር የለም። ኮምፒውተሩና ማዳመጫው ከወዲያ ማዶ፣ በሩጫ ሁለት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

ባሏ መጣ። ወደ ክፍተቱ ጎንበስ ብሎ በዚያ የፈረደበት የአስተማሪ ድምፁ ጀመረ። «እትዬ፣ ረጋ በይ። መጀመሪያ ወደ ግራ ጠጋ በይ። ጎሽ። አሁን ቀስ ብለሽ አንሺ። አሁን ወደ ኋላ ተመለሽ፤ ትንሽ ወደ ኋላ…»

«የት ነው የምመለሰው? ከኋላዬ ግድግዳ ነው!»

«እንግዲያው መጀመሪያ ወደ ፊት…»

«አንተ ልጅ፣ መኪና መሰልኩህ?»

አስተርጓሚዋ ባሏን በትከሻው ያዘችና ከበሩ አነሣችው። «መኪናውን አምጣ» አለችው።

«የት?»

«መስኮቱ ሥር!»

በቤቱ ጎን ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈበት ልብስ የሚነካካበት ነው። ባሏ የመኪናውን መስታወቶች አጥፎ በኋላ ማርሽ ገባ፤ ከግራም ከቀኝም ቀለም ሳይጭር የመኪናውን አፍንጫ ልክ በመስኮቱ ሥር አቆመው። በሙያው ስትኮራበት ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን የምትነግርበት ልብ አልነበራትም። ኮፈኑ ላይ ወጣች። እትዬ መስኮቱን ከውስጥ ከፍተው ክንዷን ያዙና፣ እንዲህ ያለ ጉልበት አላቸው ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ እንደ ጆንያ ጎትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሏት። አንድ ጫማዋ ውጭ ቀረ። ኮምፒውተሩ መጮህ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይህን ሌላ ሰው መስማት የለበትም።»

«አልሰማማ።»

«መስማት የለብዎትም እኮ ነው የምልዎት!»

«ገባኝ አልኩሽ!» ብለው እትዬ ትራሱን ለሁለት አጥፈው ጆሯቸውን ደፈኑ፤ በላዩ ብርድ ልብሱን፣ ያልተቀረቀረውን በኩል፣ ተከናነቡ። ትንሽ ቆይቶ ከብርድ ልብሱ ሥር የታፈነ ማንጎራጎር መጣ። እንዳይሰሙ ብለው ለራሳቸው እያዜሙ ነበር።

ሕግ ሕግ ነው። አስተርጓሚዋ መስመሩ ሲከፈት ከሁሉ በፊት እውነቱን ተናገረች፤ መጀመሪያ ለሐኪሟ፣ ቀጥላ በሕፃኗ እናት ቋንቋ፦ ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጊት አብረዋት እንዳሉ፣ በሩ እንቢ ብሎ እንደተቆለፈባቸው፣ ጆሯቸውን ደፍነው ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተደበቁ፣ እናትየው ካልፈቀደች ጥሪው ለሌላ ቀን እንደሚተላለፍ።

እናትየው፣ «በሩን ምን እንዲህ አደረገው?» አለች።

«አልጋ።»

ሣቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ትንፋሽ ተሰማ። «ይቀመጡ በያቸው» አለች እናትየው ቃሉ ተደነቃቅፎባት። «እኔም እዚህ ብቻዬን ነኝ። ትልቅ ሰው መኖሩ ደግ ነው።»

አስተርጓሚዋ ይህን ለሐኪሟ ተረጎመችው። ሐኪሟ መቸኮሏን ተወች፤ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የተባለው የእናትየው፣ የሐኪሟና የሕፃኗ ነው። ረጅም ጥሪ ነበር። አስተርጓሚዋ አንድ ጫማ አድርጋ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ከወዲያ ወዲህ አመላለሰች። እናትየው ሁለት ጊዜ «እንደገና ንገሪኝ» አለች፤ ሁለት ጊዜ እንደገና ተነገራት። በመጨረሻ «እሺ፣ ይሠሩላት» አለች።

መስመሩ ሲዘጋ አስተርጓሚዋ ማዳመጫዋን አወለቀች። እትዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጡ፤ ፊታቸው ቀልቶ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ ላብ በላብ ሆነዋል። «አለቀ? ልሞት ነበር እኮ» አሉ።

ያኔ ነው የገነፈለው። «እትዬ፣ ይህ ክፍል መሥሪያ ቤቴ ነው!» አለች አስተርጓሚዋ። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን አንዴ ወጥቷል። «መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የከረምኩት! ይህን ጠረጴዛ ለማግኘት ብናኝ ስበላ ነው የከረምኩት! ይወዱኛል፣ እወድዎታለሁ፤ ግን የእርስዎን አልጋ ላለመንካት ስንል ይኸው በመስኮት እየገባሁ ነው!»

እትዬ ዓይናቸውን አፍጥጠው አይዋት። «የእኔን አልጋ?» አሉ። «እኔ መቼ አልጋ አልኩ? እሱ አይደል የደወለው! ‹እትዬ፣ ክፍሉን ለአንቺ ብለን አሳደስነው፣ አዲስ አልጋ አሠራንልሽ፣ ነይና እዪው› አይደል ያለኝ? ወገቤ እየተቆራረጠ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ደከሙልኝ ብዬ፣ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው!»

«ለእርስዎ ብለን?»

«ለእኔ ብላችሁ!»

«ስለ እኔ ሥራ ምንም አልነገረዎትም?»

«ምን ሥራ? ‹አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ትላለች› ነው ያለኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ቀስ ብለው ወደ በሩ ክፍተት ዞሩ። በክፍተቱ ውስጥ የአንድ ሰው ግማሽ ፊትና አንድ ዓይን ይታይ ነበር።

«ረጋ በሉ» አለ ዓይኑ።

እትዬ ትራሱን ወረወሩት። ክፍተቱ ውስጥ ተወትፎ ቀረ፤ ስለዚህ ባሏ የተናገረውን የተናገረው ከትራሱ በስተኋላ ሆኖ ነው። እዚያ ባደጉበት ቤት አንድ አልጋ ብቻ እንደነበረ፣ እትዬ እሱን አልጋ ላይ አስተኝተው ራሳቸው ወለል ላይ እንዳደጉ፣ ቤት ሲይዝ ለእሳቸው የሚሆን አልጋ ሳይኖር መተኛት እንዳልሆነለት ተናገረ። «አልጋውን ማውጣት እሷን ማስወጣት መሰለኝ» አለ። «ለአንቺም መንገር አቃተኝ። ለሁለታችሁም ደስ የሚላችሁን ነገርኳችሁ።»

አስተርጓሚዋ ይህን ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። አንጀቷን በላት። ግን አንጀት መብላቱ ንዴቱን አላጠፋውም፤ ሐዘኔታውና ንዴቱ ውስጧ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«የኔ ጌታ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «አንተን አልጋ ላይ ያስተኛሁህ ትሸና ስለነበር ነው። አጠገብህ ማን ይተኛል?» ከዚያ ኮስተር አሉ። «ሂድና አናጢህን አምጣልኝ።»

ባሏ የሚወጣበት ምክንያት በማግኘቱ ደስ ብሎት በረረ። አናጢውን ከቤቱ ይዞት መጣ፤ «መንገድ ላይ ነኝ» የማለት ዕድል ሳይሰጠው። አናጢውም በኮፈኑ ላይ፣ በመስኮቱ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ እየሣቀ ገባ። እትዬን ሲያይ ሣቁ ቀነሰ። ብርድ ልብሱን ከማጠፊያው በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣ። «በቃ ተስተካከለ! በሩንም ወደ ውጭ አዞርላችኋለሁ፤ ይደርሳ…»

«በሩን ተወው» አሉት እትዬ። «አልጋውን ንቀለው።»

«ኧረ እትዬ፣ አይሆንም፣ ይተዉት፤ እርስዎ የት ሊተኙ ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አስተርጓሚዋ ናት። ይህን ሁሉ ስትጮህለት የነበረ ነገር እጇ ሲገባ፣ ይሉኝታ እሷንም አፏን ይዞ ተናገረባት። ምላሷን ልትነክሰው ቃጣት።

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ሙሽሪት፣ አንቺም ጀመርሽ? የዚህ አልጋ ፍራሽ ለወገቤ ጠላት ነው፤ የድሮውም እንዲሁ ነበር። ሳሎን ቴሌቪዥን አለ። ለስንት ዓመት እዚህ ጓዳ ተዘግቶብኝ ፊልሙን በግድግዳ ስሰማው እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?» ወደ አናጢው ዞሩ። «አንተ፣ ንቀል አልኩህ። እስክትጨርስ በበርም በመስኮትም አትወጣም።»

እንዲህ ያለ ፍጥነት ያየ የለም። ያንን ሁሉ ጊዜ የፈጀው አናጢ፣ እትዬ በሩ ላይ ወንበር ጎትተው ሲቀመጡበት፣ ከቀትር በፊት አልጋውን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ብናኙን ሳይቀር ጠረገ። አልጋውን ራሱ ወሰደው። ለምን እንደፈለገው ማንም አልጠየቀውም።

ማታውን ባሏ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና ሲያመነታ ቆይቶ፣ «እኔ ምልሽ» አላት፣ «ማታ ማታ አንቺ ስትጨርሺ፣ የተማሪዎቼን የጽሑፍ ፈተና ጠረጴዛው ላይ ባርም…»

«አይሆንም» አለችው።

«ጥግ ላይ ብቻ…»

«ኮኖችህን ከዚያ ክፍል ያወጣኋቸው በስንት ፍዳ ነው። አይሆንም።»

ይህን ያለ ይሉኝታ፣ ሳትጮህ ነው ያለችው። ባሏም አልተከራከረም፤ ፈተናውን ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አስተርጓሚዋ በር ከፍታ ገባች፤ በእግሯ፣ በሁለት ጫማ። በሩን ዘጋች፤ ያለ ምንም እንቢታ ገጠመ። ማዳመጫዋን አንሥታ ልታጠልቅ ስትል ከሳሎን የቴሌቪዥን ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የባሏ ድምፅ፤ ከዚያ የሁለቱንም የሚሸፍን የእትዬ ድምፅ።

«አንተ ልጅ፣ ድምፅህን ቀንስ! ሙሽሪት ሥራ ላይ ናት! አልሰማህም? ሥራ ላይ ናት አልኩህ!»

አስተርጓሚዋ ዓይኗን ጨፈነች። ተነሣች፣ በሩን ከፈተች፣ አንገቷን ወደ ኮሪደሩ አወጣች።

«እትዬ» አለች፣ «እዚህ ድረስ የሚሰማው የእርስዎ ድምፅ ነው።»

ሳሎኑ ጭጭ አለ። በሩን መልሳ ዘጋችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ጮኸ። «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ» አለች።